የማንገቻው ልክ

አባዬ የሰው ሰርግ፣ ምርቃትና ስብሰባ ፎቶ ያነሳል። እኔ ደግሞ ከኋላው ነኝ። ከኋላው ስል ቀልዴን አይደለም፤ ስራዬ እሱ ነው። አባዬ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል። መዳፉን ከከፈተ አጭሩን ሌንስ ስጪኝ ማለቱ ነው፤ ሁለት ጣት ካወጣ ረጅሙን። የጠየቀውን አቀብላለሁ፣ የነቀለውን ተቀብዬ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ዞሮ አያየኝም። ዞሮ ካየኝ ሙሽሪት እንባዋን ጠርጋ ትጨርሳለች፣ ፎቶው አመለጠ ማለት ነው። በትምህርት ብዙም ጎበዝ አይደለሁም፤ በዚህ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ እስክትመጣ ድረስ።

የአባዬ እህት ልጅ ናት፤ እኛ ቤት ልትኖር መጣች። አናቷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም ስለማይቀረው ሸንበቆ እላታለሁ። እሷ ደግሞ ትስቃለች። ተሰድባ የምትስቅ ሰው ምን ይደረጋል? አባዬን "እርስዎ" ትለዋለች። እናቴ እስቲ ከእሷ ተማሪ ማለት ጀምራለች። መስኮቱ ጋ ያለው ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ሳገኛት ይቅርታ ብላ ትነሳልኛለች፤ እኔ ግን ተነሺ ብዬ መጣላት ነበር የፈለግኩት።

አሮጌው የሌንስ ቦርሳችን ባለፈው ሰርግ ዚፑ ተተርትሮ ረጅሙ ሌንስ አንዲት ወይዘሮ እግር ስር ተንከባለለ። ሌንሱ ተረፈ፣ ቦርሳው አለቀለት። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። የቅዳሜው ሰርግ ቤተሰቦች ደግሞ አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ፎቶ አንሺዎች ከሁለት በላይ እንዳትገቡ ብለዋል። አባዬና አንድ ሰው መሆኑ ነው። እኔ ነኝ ብዬ የምለብሰውን ሁሉ መርጬ ነበር። ጠዋት ግን አባዬ ጫማውን እያሰረ፣ ሸንበቆም ወደ ሱቅ ትምጣ፣ ቦርሳው የተመቸው ሰው ቅዳሜ ይከተለኛል አለ። ቁርሴን ትቼ ተነሳሁ።

ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ያወረደልን በጀርባ የሚታዘል ነበር። ሸንበቆ አዝላው ደስ ይላል አለች። እኔ ደግሞ ሌንስ በተጠየቅሽ ቁጥር አውርደሽ ልትንበረከኪ ነው ወይ አልኳት። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ለዜሮ አልኩ በልቤ። ሁለተኛው ሲያዩት ያማልላል፤ ክዳኑ ግን ተጣባቂ ነው፣ ሲከፈት ቸርርር ይላል። ሙሽሮቹ ቃል ሲገቡ፣ አዳራሹ ጸጥ ባለበት ይህን ብንከፍት የማን ሱሪ ተቀደደ ብሎ ሰው ሁሉ ይዞራል አልኩ። ባለሱቁ ሳቀ። ሁለት ለዜሮ።

ሦስተኛው ከትከሻ በአግድም የሚንጠለጠል ጥቁር ቦርሳ ነበር። ዚፑ ድምፅ የለውም፤ ውስጡ በስፖንጅ ተከፋፍሏል፤ ክዳኑ ወደ ውጪ ስለሚከፈት እጅ በቀጥታ ይገባል። አባዬ እዚያው ወደደው። ሳይሞክር ግን አይገዛም። በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣቸውን ሌንሶች ከተተበትና ካሜራውን አንስቶ ባለሱቁን አንተ ሙሽራ ነህ፣ መስታወቱ ጋ ቁም አለው። ባለሱቁ ሙሽሪትስ የት አለች ቢለው አባዬ እያለቀሰች ነው ብሎ መለሰለት።

መጀመሪያ እኔ ያዝኩት። ማንገቻው ረዝሞብኝ ቦርሳው ጉልበቴን ይመታኛል። የአባዬ መዳፍ ተከፈተ። አጭሩን ሳቀብለው ቦርሳው ተወዛውዞ የባትሪ መደርደሪያውን ነካና ባትሪዎቹ ተበተኑ። ሸንበቆ ጎንበስ ብላ ለቀመችልኝ። ከመበተናቸው ይልቅ መልቀሟ አናደደኝ።

ከዚያ እሷ ያዘችው። ለእሷ የተሰፋ ይመስል ልክ ዳሌዋ ላይ አረፈ። የጣቶቹን ነገር ነግሬያት አላውቅም፤ ስትሳሳት ለማየት ጓጉቼ ቆምኩ። አባዬ ሁለት ጣት አወጣ። ረጅሙን አቀበለችው። መዳፉን ከፈተ። አጭሩን ሰጠችው። ለካ እኔና አባዬ ሳሎን ስንለማመድ ቁጭ ብላ ስታጠና ኖሯል። አባዬ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል፣ "ጎሽ ጉጉቴ" አለ።

ጉጉት እኔ ነኝ። ዓይኖቼ ትልልቅ ስለሆኑ ገና መዳህ ሳልጀምር ያወጣልኝ ነው፤ ከእሱ ሌላ ማንም አይጠራኝም፣ እናቴ እንኳ። ሸንበቆ ዞር ብላ አየችኝ። ወንበሬን ወሰደች፣ ቦታዬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ስሜን።

አባዬ ማንገቻውን አሳጥረሽ እስቲ አንቺ ድገሚ አለኝ። በዘለበቱ ሳብኩት። አሁን ቦርሳው ልኬ ሆነ፤ ትርፉ ማንገቻ እንደ ጅራት ተንጠለጠለ። ሁለት ጣት ወጣ። ረጅሙን በእጄ ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ጣቶቹ ተወዛወዙ። አልሰጠሁትም። እጁ ወደ ኋላ እየዳበሰ አየር ጨበጠ። ከዚያ አባዬ ዞረ። ካሜራ ይዞ ወደ እኔ ሲዞር አይቼው አላውቅም።

"ምን ሆንሽ?"

"ማን እንደሆንኩ አይተህ ውሰድ ብዬ ነው።"

"ማን ልትሆኚ?"

"እኔ እንጃ። ቅድም ጉጉት እሷ ነበረች።"

አባዬ ግራ ገብቶት ሸንበቆን አያት። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ "አጎቴ፣ ቅድም ጉጉቴ ያሉት እኔን ነው" አለችው። ባለሱቁ ሙሽራነቱን ረስቶ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

አባዬ ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ዋጠው። "ከኋላዬ እጅ ሲመጣ ያንቺ ነው የሚመስለኝ" አለኝ። "ሌላ እጅ አላውቅማ።"

ጥሩ ንግግር ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አንጀቴን ያርሰው ነበር። ግን በሽታው እዚያው ላይ ነው እኮ። የመጣው እጅ የእኔ አልነበረም፤ እሱም ምንም አልጎደለበትም።

በቃ ቅዳሜ አንቺ ነሽ አለኝ። ገና ፈገግ ሳልል ቀጠለና ለሚቀጥለው ምርቃት ደግሞ ሸንበቆ ትመጣለች፣ እየተቀያየራችሁ ትይዙታላችሁ፣ ማንገቻው እንደሆነ ይረዝማል ያጥራል አለ። ሸንበቆ ደስ ብሏት አቀፈችኝ። አፍንጫዬ የሹራቧ ቁልፍ ላይ ተላተመ።

አባዬ የቦርሳውን ሂሳብ ከፍሎ ባትሪ ሊመርጥ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ ባለሱቁን መቀስ ይኖርዎታል ወይ አልኩት። ለምን ሳይለኝ አቀበለኝ። ያንን የተንጠለጠለ ጅራት ዘለበቱ ሥር ይዤ ቆረጥኩት። ጫፉ እንዳይተረተር ክብሪት ለምኜ ለበለብኩት፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። አሁን ቦርሳው በእኔ ቁመት ቀረ። ሸንበቆ ብታንጠለጥለው ብብቷ ሥር ነው የሚወሸቀው።

አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ስታይ ነበር። ለአባዬ ግን አልተናገረችም። ቁራጩን ከወለሉ አንስታ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ከላይ ቁልቁል አየችኝ።

"ብታድጊስ?" አለችኝ።

"አላድግም" አልኳት።