ማንም የማይመታው ሰው

ዓባይነህን ያን ቀን ያናደደው የሰዎች ደግነት ነበር።

ኦክላንድ፣ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ከየከተማው የመጡ ካራቴ ሠሪዎች ተሰልፈዋል። ሦስት አስተማሪዎች ቀኑን ሙሉ እየተፈራረቁ ያሠሯቸዋል። የመጀመሪያዋ ዶሎረስ ናት፤ ሳን ሆዜ ላይ ዓባይነህን ከነጭ ቀበቶ አንስታ እስከ ቡናማ ያደረሰች የራሱ አስተማሪ። ሰው ሁሉ ፑሽ አፕ ሲሠራ አጠገቡ መጥታ ጎንበስ አለችና፣ ስሙን እንደ ልማዷ አሳጥራ «ኤብ፣ ከደከመህ አረፍ በል» አለችው። አልደከመውም ነበር። ሁለተኛው፣ አንገተ ወፍራሙ የሳክራሜንቶ ሰው፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ እርግጫ ሲያለማምዳቸው፣ ዓባይነህ የደረሳቸው ሁሉ እግራቸውን እንደ ላባ አሳረፉበት። አንዷማ ነካ አድርጋው ይቅርታ ጠየቀችው።

«እንቁላል አደረጉኝ እኮ» አለ በሆዱ።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ፓሎ አልቶ ውስጥ የሆስፒታል ሻትል አውቶቡስ ይነዳል። ካራቴ የጀመረው ልጁን ሩቲን ካራቴ ክላስ አድርሶ ኮሪደር ላይ መጠበቅ ስለሰለቸው ነበር፤ ሩቲ ገና ቢጫ ቀበቶ ላይ ሳለች ተወችው፣ እሱ ግን በዚያው ቀረ። ዛሬ ለጥቁር ቀበቶ የቀረው በሦስቱ አስተማሪዎች ፊት አንድ ዙር መፋለም ብቻ ነው። ማሸነፍ ግዴታ አይደለም። ሦስተኛው አስተማሪ፣ ሽማግሌው ታኬዳ፣ የሚጠይቁት ሁለቱም የምራቸውን እንዲፋለሙ ነው። አለዚያ ዙሩ አይቆጠርም፤ ፈተናው ለከርሞ ይተላለፋል።

ዓባይነህ ደግሞ ከርሞ የለውም። በሚቀጥለው ወር ግራ ጉልበቱ ተከፍቶ ሰው ሠራሽ ይገባለታል፤ ከዚያ ወዲያ ዶክተሩ የፈቀደለት መራመድና መዋኘት ነው። ይህን ለአስተማሪዎቹ ትንፍሽ አላለም። የምታውቀው ሚስቱ ትርንጎ ብቻ ናት።

ከሰዓት በኋላ ተራው ደረሰ። የተመደበለት ኢዩኤል ነው፤ የካስትሮ ቫሊ ነዋሪዋ የትርንጎ ጓደኛ የእድላዊት ልጅ፣ ኮሌጅ ሊጨርስ የተቃረበ፣ ጥቁር ቀበቶውን ቀደም ብሎ የታጠቀ ረጅም ወጣት። ዓባይነህ ደስ አለው። ይህ ልጅ ጠዋት አንዱን ግዙፍ ሰውዬ ከግድግዳ ሲያጋጨው አይቷል።

ዙሩ ተጀመረ። የኢዩኤል እርግጫ ስንዝር ሲቀረው ይመለሳል። ቡጢው አየር ይመታል። ዓባይነህ ሲሰነዝር ደግሞ ልጁ መስቀል ሊሳለም እንደቀረበ ሰው ጎንበስ ብሎ ይቀበለዋል።

ታኬዳ እጃቸውን አነሱ። «ይህ ጭፈራ ነው፤ አልቆጥረውም። ውሃ ጠጡና አንድ ጊዜ ትሞክራላችሁ። ያው ከሆነ ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ።»

ውሃ መጠጫው ጋ ዓባይነህ የልጁን እጅጌ ያዘ።

«እግርህ እኔ ጋ ሲደርስ ነው የሚያጥረው?»

«ሶሪ ጋሼ።»

«ሶሪህን ተወው። ምን ሆነሃል?»

ኢዩኤል ወለሉን አየ። «እትዬ ትርንጎ ማሚን ኮል አደረገቻት። አባውት ዩር ኒ፣ ስለ ጉልበትዎ። ማሚ ደግሞ ‹እሱን ከነካኸው ቤቴ እንዳትገባ› አለችኝ። አይ ስዌር፣ እንደዛ ነው ያለችው።»

የዓባይነህ ጆሮ ጋለ። እድላዊት የሰማችው ነገር ቅዳሴ ሳይወጣ ሳን ፓብሎ ከተማ ድረስ ይደርሳል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ጉልበትህ እንዴት ሆነ» እያለ የሚሰለፈው ሕዝብ ታየው። ትርንጎ ደግሞ ጠዋት ግንባሩን ስማ፣ «በርታ» ብላ ነው የሸኘችው።

«ስማ ኢዩኤል። ይህ ጉልበት ከተከፈተ በኋላ እኔ እዚህ አዳራሽ ተመልካች ነኝ። ዛሬ ካልተቆጠረልኝ አለቀ። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ባት ማሚ…»

«እናትህን እኔ እችላታለሁ። አንተ ምታኝ።»

«የትኛውን እግር?»

«ያገኘኸውን።»

ተመልሰው ቆሙ። ታኬዳ «ጀምሩ» አሉ። ኢዩኤል ትንሽ ዞር ዞር ካለ በኋላ ደህነኛውን የዓባይነህን ቀኝ እግር መርጦ ጠለፈው። ዓባይነህ በጀርባው ዘፍ አለ።

«እኔን!» አለ ኢዩኤል።

አማርኛው ጎዶሎ ነው፤ ይቺ ግን ከእናቱ ቤት ሳትጠራ የምትወጣ ቃል ናት። ሰው ሲወድቅ እንደሚደረገው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ በድንጋጤ ተጨማዶ አጎነበሰ። ታኬዳ አቁሙ አላሉም። ዓባይነህ ከታች ሆኖ ያን የተዘረጋ እጅ አየ፤ ቀኑን ሙሉ የተከተለው እጅ ነበር። ቀኝ ተረከዙን ሰብስቦ የልጁ ሆድ ላይ ለቀቀው።

ኢዩኤል ቁጭ አለ።

«ነጥብ» አሉ ታኬዳ፣ በዓባይነህ በኩል እጃቸውን ዘርግተው። ወደ ኢዩኤልም ዞረው፣ «አቁሙ ሳልል ማን እርዳ አለህ?» አሉት።

ልጁ ሲነሳ ዓይኑ ሌላ ነበር። ማሚም ትርንጎም ከውስጡ ወጥተዋል። የመጀመሪያው እርግጫ ዓባይነህን ጎኑ ላይ አግኝቶ ትንፋሹን ነጠቀው። ዓባይነህ አገጩ ላይ በጓንቱ መለሰለት። ቀጣዩ እርግጫ ግራ ጭኑ ላይ አረፈ፤ ሕመሙ ከጉልበቱ ተነስቶ ወገቡ ድረስ ወጣ፣ ዓይኑ ውሃ ሞላ። አልወደቀም። ንዴቱ ደግፎ አቆመው። ኢዩኤል ሌላም ደገመው፣ ሌላም፣ ዙሩ እስኪያበቃ ድረስ በነጥብ ጥሎት ሄደ።

«ይህ ይቆጠራል» አሉ ታኬዳ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አለቀ? ልጁ ምንም አላደረገህም አይደል?» አለች ትርንጎ።

«ጎኔን ብሎኛል። ግራ እግሬንም ብሎኛል።»

«ውይ፣ እኔ እኮ ለእናቱ…»

«አዎ፣ ነግረሻታል። እሱን ቤት ስመጣ እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋው።

«ጋሼ፣ አሁንም ተናደዋል?» አለ ተከትሎት የወጣው ኢዩኤል ሆዱን እያሸ።

«በጣም።»

ልጁ የመኪናውን በር ሊከፍትለት እጁን ዘረጋ። ዓባይነህ አየው። ኢዩኤል እጁን ሰበሰበና ኪሱ ከተተው። ዓባይነህ በሩን ከፈተ፣ ተቀመጠ፣ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባ።