ድመቷ ያልነካችው ዓሣ

ድመቷ የዓሣውን አንጀት ሳትነካው ማለፏን እናትየው ያየችው፣ ልጆቹ በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢላዋ ሲሳል ገና ድምፁን ስትሰማ ከጎረቤት ጣሪያ ዘላ የምትወርድ ድመት ናት። ዛሬ ጠጋ ብላ አሸተተችና ግድግዳው ሥር ሄዳ ተኛች። እናትየው ትንሿን ልጇን ጎትታ ግንባሯን ዳሰሰች። አላተኮሳትም። ሆዷንም ጫን አደረገችው።

"ያምሻል?"

"አያመኝም፤ ኮረኮርሽኝ" አለች ልጅቷ እየሳቀች።

ባሏ በር ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ መረብ ይጠግናል።

"ዓሣውን ከየት ነው ያወጣኸው?"

"ከገመዱ ወዲያ፣ ከተፈቀደው ውኃ። ከየት ላወጣ ኖሯል?"

"ድመቷ አልበላችም።"

"እሷም የማኅበሩ አባል ሆነች እንዴ?"

አልሳቀችም። ገመዱን የዘረጋው የሐይቁ ጠባቂዎች ማኅበር ነው፤ እሷም አባል ናት። ፋብሪካው ቆሻሻውን በቱቦ ሲለቅባቸው አቤት ብለው ሰሚ ቢያጡ፣ ቀይ የተቀቡ ባዶ ጄሪካኖች በገመድ አያይዘው ውኃው ላይ ዘረጉ። ከገመዱ እስከ ቱቦው ባለው ውኃ ማንም መረብ ላይጥል ተማማሉ። የቀራቸው ነገር ያ ገመድ ብቻ ነበር።

ሻርፗን ጣል አድርጋ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤት ሄደች። ሊቀ መንበሯ ዓሣ ቸርቻሪ ናቸው፤ ማኅበሩንም ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው።

"እትዬ፣ ገመዱን ነፋስ ወስዶት ይሆን?"

ሴትዮዋ የሚያጥቡትን ሳህን አስቀመጡ። "ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ።"

"ምን አሉ?"

"ወደ ቱቦው አስጠጋሁት። ወዲያ ማዶ በተፈቀደው ውኃ ምን ዓሣ ቀረ? ሰዉ ባዶ ጀልባ ይዞ እየተመለሰ 'ማኅበራችሁ አስራበን' ሲለኝ ምን ላድርግ? ሊበተንብኝ ነው። ትንሽ ባስጠጋው ይቆዩልኛል ብዬ ነው።"

"ልጆቼ በልተዋል እኮ፣ እትዬ።"

"የእኔስ የልጅ ልጆች ምን የበሉ ይመስልሻል?"

እናትየው ሻርፗን ሰብስባ ወጣች። ብትናገር ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቱቦ ዞሮ የሚያየው አይኖርም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሷ ግን ስትፈራ የኖረችው ፋብሪካውን ነበር፤ ገመዱንማ አምናው ነበር።

ስትመለስ ልጆቹ ተኝተዋል። ጎንበስ ብላ የአንዳቸውንም ሳትተው ትንፋሻቸውን አዳመጠች። ባሏ ለነገ ገበያ ያስቀመጡት ዓሣ ካለበት ሳፋ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ምን አሉሽ?"

ነገረችው። የያዘውን መረብ መሬት ላይ ጣለው።

"ልድፋው?" አለ ወደ ዓሣው እየጠቆመ።

ሳፋውን አየችው። ሌላ የሚሸጥ ነገር በቤቱ ውስጥ የለም።

"የእኛ ልጆች ከእንግዲህ አይቀምሱትም" አለች። "ዳቦ ይብሉ።"

"የሰው ልጆችስ?"

"ሆድ ይፍጀው" ብላ ዞረች። "በረዶ ጨምርበት።"

በረዶውን በትኖ ሲጨርስ ክዳኑን ገጠመችበት። በየማታው ድመቷ እንዳትከፍተው ክዳኑ ላይ ድንጋይ ትጭን ነበር። ዛሬ ድንጋዩን አልጫነችውም። ድመቷ ሳፋው አጠገብ ተጠቅልላ ተኝታለች።

የሌባ ነገር ግን አይታወቅም። በሩን ቆለፈችው።