አርባ ሁለተኛው ክሊፕ

ኮምፒውተሩ ስድስተኛው ክሊፕ ላይ ሲደርስ ለሦስተኛ ጊዜ ደርቆ ቀረ። የቪዲዮ አቀናባሪው አልተናደደም። ታላቅ ወንድሙ ከተቀበረ ወር ሞላው፤ እሱ ግን መናደድም ማልቀስም አልመጣለትም። ዘመድ ሁሉ «ልቡ ድንጋይ ነው» ብሎ አምቶ ጨርሶታል። ወንድሙ ልጆቹን የቀረጸባቸው አርባ ሁለት ክሊፖች ዛሬውኑ ተቀናብረው ፍላሽ ላይ መግባት አለባቸው። የወንድሙ ሚስት ነገ በማለዳ ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ትሄዳለች።

ኮምፒውተር ለሚጠግን ጓደኛው ደወለ።

«ሜሞሪው ሞልቶበት ነው» አለው ጓደኛው። «አርባውን ባንዴ ብታጎርሰው ትን አይለውም? አራት አራት አድርገህ ስጠው፣ በየመሀሉ ፕሮግራሙን ዘግተህ ክፈት። ሲሠራ ምስሉን ስክሪኑ ላይ እንዳያሳይም አጥፋው። ዲስክህም ጢም ብሏል፤ የጨረስከውን ኦሪጅናል እያጠፋህ ሂድ።»

እንደተባለው አደረገ። ምስሉ መጥፋቱ ለራሱም ተመቸው፤ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ቆረጣውን አስቀድሞ ጨርሶታል። ከካሜራ ጀርባ የሚያወራ ሰው ድምፅ ለአቀናባሪ ቆሻሻ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ለደንበኛ ሲያጸዳ የኖረ እጁ ፈቃድ አይጠይቀውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርባ አንዱ አለቀ። የመጨረሻው፣ ረጅሙ፣ አልሄድ አለ። በዚሁ መሀል የወንድሙ ሚስት መጣች። ካለቁት አንዱን ከፈተላት፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አየች።

«እሱስ?» አለች።

«ቀራጩ እሱ እኮ ነው። የትም አይታይም።»

«ድምፁን ነው የምልህ። ልጆቹ የሚፈልጉት ድምፁን ነው።»

ቆርጦት እንደነበር ነገራት። «ኦሪጅናሎቹንም አጥፍቻለሁ። ቦታቸው ላይ አዲሶቹ ተጽፈውበታል፤ አይመለሱም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሁሉንም?»

«አንድ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ እንቢ ያለው።»

ያልተነካውን ኦሪጅናል ከፈተው። ትንሿ ልጅ ወደ ካሜራው ጣቷን ቀስራ ትቆጣለች። «አባዬ፣ ዝም በል! ቪዲዮው ይበላሻል!»

ከካሜራው ጀርባ ወንድሙ ከት ብሎ ሳቀ። «ግድ የለም የኔ እናት፤ የኔን አጎትሽ ቆርጦ ይጥለዋል።»

«ድገመው» አለች የወንድሙ ሚስት።

እንባው ያኔም አልመጣም። ፈቃድ የማይጠይቀውን እጁን ማውሱ ላይ ማሳረፍ ግን ፈራ።