የተነገረበትና የተሰማበት ሰዓት

ሃልቮር የምሳ ዳቦውን ከወረቀቱ እየፈታ፣ "ስክሪኑን እንዲህ አፍጥጠሽ የምታዪው ልታገቢው ነው እንዴ? ሰርጉን ንገሪኝና ሱፌን ላስተኩስ" አለ።

"አንተ ዳቦህን ብላ" አለችው ሲኖቨ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ሁለቱ የወረዳውን ኔትወርክ የሚጠብቁ ባልደረቦች ናቸው። ሃልቮር በትርፍ ጊዜው የነፍስ አድን ጓድ አባል ነው፤ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውም ሁልጊዜ ከቢሮው በር ጀርባ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ባልደረባቸው ኢንግቫር ነበር፤ የሲኖቨ ባል።

ፌብሩዋሪ መግቢያ ላይ ኢንግቫር ግሮፍየል ተራራ ላይ ያለውን የበረዶ መለኪያ ጣቢያ ሊጠግን እንደወጣ የበረዶ ናዳ ወረደ። መኪናው ተጨፍልቃ ተገኘች፤ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ያው ናዳ ከታች መንገዱ ዳር ቆሞ የጣቢያውን መልእክት የሚያስተላልፈውን የራዲዮ ምሰሶ ስለገነደሰው ጣቢያውም ዝም አለ። ሰዉ ሁሉ ኢንግቫር ከመኪናው ጋር መንገድ ላይ ተቀበረ ብሎ ደመደመ። ፍለጋው ቆመ፤ ቄሷም ያለ አስከሬን ጸሎት አደረሰችለት። ሲኖቨ አንዲት እንባ አላወጣችም። ቁርጡን ሳያውቁ የሚያለቅሱት ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? ጎረቤት ልቧ ደንድኗል ብሎ አማት። ጎረቤት ደግሞ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል!

አሁን ማርች እያለቀ ነው። አዲሱ ምሰሶ በዚሁ ሳምንት ቆሟል፤ እሷም ባሏ ጀምሮት የቀረውን ሥራ እየጨረሰች ነው። የኔትወርኩ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እስከ ዛሬ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እያንዳንዱን ማሽን "አለህ?" ብሎ መጠየቅ፣ "አለሁ" ሲለው አረንጓዴ ማብራት። ሎግ ሰርቨሩ ደግሞ ማሽኖቹ የሚሉትን ሁሉ እየሰማ ይመዘግባል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አይልም። ሁለቱ ከተገናኙ የተሰማው ነገር ሁሉ ሲኖቨ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል።

የአዲሱን ምሰሶ መስመር ከፈተችና ሁለቱን አገናኘቻቸው። ግሮፍየል አረንጓዴ ሆነ፤ ከሥሩም ቃል መውረድ ጀመረ።

የክፍል ሙቀት፦ ከዜሮ በታች ዘጠኝ።

የክፍል ሙቀት፦ ከዜሮ በላይ ሁለት።

የክፍል ሙቀት፦ ከዜሮ በላይ አሥራ አንድ።

ሃልቮር ማኘኩን ተወ። "ምድጃው ነዷል" አለ ቀስ ብሎ። የጣቢያው ምድጃ የእንጨት ነው፤ ሰው ካላነደደው አይነድም።

ተጠቃሚ ኢንግቫር ገብቷል።

ይህ የሚወጣው ሰውየው ራሱ የጣቢያውን ኮምፒውተር ሲከፍት ነው። ከየመልእክቱ ጎን መቆጣጠሪያው ሰዓቱን ጽፏል። አሁን ነው፤ ይህችው ደቂቃ።

"አለ!" ብሎ ጮኸ ሃልቮር። "ሰውየው አለ! ሄሊኮፕተር ጥሪ!"

"በዚህ ጭጋግ ማን ይበራል?"

"እንግዲያው በእግሬ እወጣለሁ" አለና ስኪውን አነሳ።

 የሲኖቨ እጅ ግን የለመደውን ሠራ፤ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ብቻ ሳያምን የሎግ ሰርቨሩን መዝገብ ከፈተ። እዚያ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ሰዓት ነበር፦ የተነገረበትና የተሰማበት። መቆጣጠሪያው ያሳያት የተሰማበትን ብቻ ነው። የተነገረበት ፌብሩዋሪ ነው፣ ናዳው የወረደ ዕለት። ጣቢያው መንገዱ ሲዘጋበት ያለውን በሆዱ ይዞ ቆይቶ፣ ሲከፈትለት በየተራ ያወጣዋል።

"ቆይ፣ ሃልቮር" አለች። "የቆየ ነው። ኢንግቫር ጣቢያው ደርሶ ነበር ማለት ነው።"

ከዚያ ኢንግቫር በእጁ የጻፈው መጣ።

ሲኖቨ፣ ናዳው መኪናዋን እንጂ እኔን አልወሰደኝም። ጉልበቴ ተሰብሯል። ጣቢያ ውስጥ ነኝ።

ቀጥሎ፦

ከታች ፉጨት ሰማሁ። ጮህኩ፣ መብራት አወዛወዝኩ። ጭጋግ ነው፤ አላዩኝም።

ሃልቮር የስኪውን ዘንግ ጨብጦ ደረቀ። "በፍለጋው ቀን እኔ ነኝ ያፏጨሁት" አለ። "እኔ ነኝ። ከላይ ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ንፋሱ ነው ብዬ ተመለስኩ።"

ሲኖቨ ንባቧን ቀጠለች።

እንጨቱ አለቀ። ከጣቢያው በላይ ያለው በረዶ ተሰንጥቋል፤ ሲያቃስት እሰማዋለሁ። አንድ ሰው ከረገጠው ይወርዳል። ማንም እንዳይመጣ። ሃልቮር ግትር ነው፤ እሰሪው። የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን እንዳትጥሉ።

ከዚያ በኋላ ኢንግቫር ምንም አልጻፈም። ማሽኑ ብቻ ነው የሚናገረው፦ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። እዚያው ቀረ። ፌብሩዋሪ አለቀ፣ ማርች ገባ፤ ያው አሥራ ስምንት። ሲኖቨ ቀኖቹ ሲያልፉ አየች፤ ሆኖም ክፉ ነገር ነውና ተስፋ፣ በየመስመሩ ስሙን ፈለገች።

ሃልቮር በሩ ላይ ቆሟል፣ ጃኬቱን ዘግቷል። ከቆመበት ስክሪኑ አይታየውም፤ ሊያየውም አልፈለገም።

"የጓዱን ደንብ ታውቂያለሽ" አለ። "ለሬሳ ብለን የተሰነጠቀ በረዶ ሥር አንገባም፤ ለሕያው ግን እንገባለን። ምግብ ነበረው፣ ብርድ ልብስ ነበረው። ጨርሰሽ አንብቢና አንድ ቃል ንገሪኝ። አለ ወይስ የለም? አለ ካልሽ ማንም አያስቆመኝም።"

የመጨረሻዎቹ መስመሮች ወረዱ። የተነገረበት ትናንት፤ ከዚያ ዛሬ ጠዋት፤ ከዚያ ሁለቱ ሰዓቶች እኩል ሆኑ። ጣቢያው በሆዱ የያዘውን ጨርሶ የአሁኑን መናገር ጀመረ።

የክፍል ሙቀት፦ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት።

ተጠቃሚ ኢንግቫር ገብቷል።

ሲኖቨ የተነገረበትን አየች፣ የተሰማበትን አየች። አንድ ነው።

ሲኖቨ፣ በረደኝ። ሃልቮርን ላኪልኝ።

መላ ሰውነቷ "አለ በይ" አላት። አንዲት ቃል ናት፤ ብትላት ይህ ሰው እንደ ጥይት ይወጣል፣ እሷም ምሽት ላይ ባሏን ታይ ይሆናል። ግን በዚያ ብርድ ሳምንታት ሙሉ ማን ይተነፍሳል? ኢንግቫርስ ጉልበቱ ተሰብሮ፣ እንጨቱ አልቆበት እንኳ "እሰሪው" ያለ ሰው ነው። አሁን "ላኪልኝ" የሚለው ማን እንደሆነ አላወቀችም። ማወቅም ፈራች።

"ሲኖቨ?" አለ ሃልቮር፣ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ። "ምን ይላል?"

ላኪልኝ፣ አለ ስክሪኑ። ላኪልኝ። ላኪልኝ።

መዳፏን ዘርግታ ጽሑፉን ሸፈነችው። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነበር።

"ባሌ ሞቷል፣ ሃልቮር" አለች፤ እንባዋም ያን ጊዜ መጣ። "ጃኬትህን አውልቅና ናና አጠገቤ ተቀመጥ።"