ዐሥራ ሁለተኛዋ ሳህን

"ይኸውና፣ የዐሥረኛው ሳህን እንቁላልም ፈነዳ!" ዶክተሯ ዐይኗን ከማይክሮስኮፑ ላይ ነቀለች።

እማማ ከማጠቢያው ሳይዞሩ፣ "እንቁላል ለማየት ይህን ያህል ከምታጎነብሺ ዶሮ ብታረቢ ይሻልሽ ነበር፣ ልጄ" አሉ። የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ናቸው፤ እሳቸው ያጠቡት ብርጭቆ ፊት ያሳያል።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ የባሕር ኮከብ የሚባለው እንስሳ እንቁላል ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቢ ብሏታል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የምትጨምርበት ሆርሞን የእንቁላሉን ደጅ ያንኳኳል፤ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች መልእክቱን ይቀባበላሉ፤ እንቁላሉን እንደ ማገር ደግፈው የያዙት ቀጫጭን ክሮች ፈርሰው እንደገና ይዋቀራሉ፤ በመጨረሻም መሐል ያለው ክብ ኒውክሊየስ ይከስማል። በሰለ ማለት ነው። የእሷ ግን ሳይበስል ይፈነዳል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የላቦራቶሪው ኃላፊ ይመጣል፤ የሚያየው ነገር ካጣ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። የስንብት ደብዳቤዋን ጽፋ ኪሷ ከታለች። "አገሬ ስመለስ ባሕሩም አላወቀኝ" እያለች ነው የሰነበተችው።

ዐሥራ አንደኛውም ፈነዳ። ዐሥራ ሁለተኛዋን ሳህን ማይክሮስኮፑ ሥር አኖረች። ይሄኔ ግን ክቡ ኒውክሊየስ ዳር ዳሩ ተሸበሸበ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። በአንዱ እንቁላል ብቻ አይደለም፤ በሁሉም።

"እማማ! ይችን ሳህን ምን አደረጓት?"

እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "አየሽብኝ? ሳሙና አልቆብኝ በባሕር ውኃ ብቻ ነው ያለቀለቅኳት። አዲስ ናት፣ ምን ትሆናለች ብዬ።"

"ሌሎቹንስ?"

"በሳሙና ነዋ! ያውም ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ላንቺ ብዬ!"

እሷ በተማረችበት አገር ሳህን አንዴ ተሠርቶበት ይጣላል። ታጥቦ አይታ አታውቅም፤ መጠየቁም ትዝ አላላትም። ለካ ዐይን የማያየው የሳሙና ቅሪት ነው የእንቁላሎቹን ቆዳ ሲበላ የከረመው።

ኃላፊው ገባ። አጎንብሶ አየ፤ ቆየ። "እሰይ! ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ነክቶት ነው?"

እማማ ቧንቧውን ዘጉ።

"አስተጣጠቡን መንገር የኔ ፈንታ ነበር፤ ሳልናገር ቀረሁ" አለች ዶክተሯ።

"በይ ነገም እንዲሁ አሳዪኝ። ክፍሉ ይቆይልሻል" ብሎ ወጣ።

ደብዳቤውን ከኪሷ አውጥታ ገለበጠችው። በባዶው ጀርባ ላይ በትልልቁ "እዚህ ሳሙና ክልክል ነው" ብላ ጻፈችና ከማጠቢያው በላይ ለጠፈችው።

"ኧረ ልጄ፣ እንግዳ ቢያየው ምን ይለናል?" አሉ እማማ።

"ያሉትን ይበሉን" አለች፤ እጅጌዋንም ሰብስባ ከጎናቸው ቆመች።