ቅሬ የቆፈረው መጠለያ

በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ‹‹ከአውሮፕላን ድብደባ መጠለያ ቆፍሩ›› የሚል ትዕዛዝ በወሎ ከግራና ከተማ በላይ ላለችው መንደር ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አልነበረም። መቆፈር ሲባል የሚጠራው የመንደሩ እድር፣ የቅሬው፣ መቃብር ቆፋሪ ፈንታው ነው፤ እሱም የሚያውቀውን ልክ ለካ፤ ቁመቱም ስፋቱም ለአንድ ሰው። ሃያ ጉድጓድ ተቆፈረ። ባልቴቶቹ አይተው አማተቡ፤ ‹‹በቁማችን አንገባም!›› አሉ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሀብቴ ግን ‹‹ሥራው ተጠናቋል›› ብሎ ሪፖርት ላከ።

አውሮፕላን አልመጣም። ጉድጓዶቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የእርስ በርሱ ጦርነት ወደ ወልድያ ተጠጋ፤ አውሮፕላንም በመርሳ መንገድ ላይ ያንዣብብ ጀመር። ሰው ድምፁን ሲሰማ ወደ ወንዙ ገደል ይሮጣል። የፈንታው ሚስት ደስታነሽ ግን ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም። ደጃቸው ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንዱን የጎረቤታቸው የሀብቴ ቤት ሰዎች ሽንት ቤት አድርገውታል። ሌላውን የውሻ ሬሳና አመድ ሞልቶታል። ፈንታው ይህንን ሦስት ቀን ሙሉ ጠረገ። ያስመልሰዋል፤ አፉን ጠርጎ እንደገና ይገባል።

ሀብቴ አፍንጫውን በጋቢው ይዞ መጣ።

‹‹አያ ፈንታው፣ እትዬ ደስታነሽን ሳትሞት ሊቀብሯት ነው?››

‹‹አንተ ይልቅ ቤተሰብህን ከዚያኛው ከልክል።››

‹‹የሕዝብ ጉድጓድ ነው! ማንን ልከልክል?››

ሀብቴ ሳቁን ሳይጨርስ ሰማዩ በአውሮፕላን ድምፅ አጓራ። ፈንታው ወደ ቤት ሮጦ ሚስቱን አዝሎ ወጣ። ሲደርስ ሀብቴ በተጠረገው ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ ተኝቷል።

‹‹ውጣ! ለእሷ ነው የጠረግሁት!››

‹‹የአንድ ሰው ነው! አይበቃም!››

እውነቱን ነው፤ የለካው ራሱ ፈንታው ነው። ድምፁ ቀረበ። ፈንታው ሚስቱን ይዞ ወደ ሌላኛው ወረደ። እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ከፍ አድርጎ ሊይዛት ሞከረ፤ ክንዱ ከዳው።

አውሮፕላኑ አንድ ቦምብ እንኳ ሳይጥል አለፈ።

ሀብቴ ተነስቶ ጋቢውን አራገፈ። ሁለቱ ሲወጡ አይቶ ወደ ኋላ ሸሸ።

‹‹እፍ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?››

‹‹የቤትህ ነው አያ ሀብቴ›› አለች ደስታነሽ። ‹‹አላወቅኸውም እንዴ?››

ፈንታው ሚስቱን አጥቦ አስተኛት። ከዚያ ዶማውን አንስቶ፣ ሀብቴ ተኝቶበት የነበረውን ጉድጓድ ለሁለት ሰው ያሰፋው ጀመር።