የላቨርን ሻንጣና የክላይድ ሰዓት

ላቨርን የመርከብ ሽርሽር አዋቂ ነበረች። ይህን የሚመሰክርላት ሰው ስላልተገኘ ምስክሯ ራሷ ነበረች። ማያሚ ወደብ ላይ ሰልፍ ይዘው ገና ሻንጣቸውን ሳያስረክቡ፣ ከፊቷ ለቆሙትም ከኋላዋ ለቆሙትም፣ ሰው መርከብ ላይ ሲወጣ ምን መያዝ እንዳለበት አስረድታ ጨርሳ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። የወንድሟ ሚስት ዊኒ አጠገቧ ቆማ የሁለቱንም ሻንጣ ትጎትታለች። የዊኒ ሻንጣ ትንሽ ናት፤ የላቨርን ግን ሙሉ ሱቅ ነው።

ክፍላቸው እንደገቡ ሱቁ ተከፈተ። የመርከብ ክፍል ግድግዳው ብረት ስለሆነ ላቨርን ማግኔት ያላቸውን መንጠቆዎች በየቦታው ለጥፋ ባርኔጣ፣ ቦርሳና የዋና ልብስ ሰቀለችባቸው። በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ባለብዙ ኪስ የጫማ ማስቀመጫ አንጠለጠለች። ጫማ ግን አልገባበትም። ለሚያቅለሸልሸው ሰው የዝንጅብል ከረሜላ፣ የፀሐይ ቅባት፣ መርፌና ክር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማራገቢያ፣ ፊሽካ፣ የመዋኛውን ወንበር ማንም እንዳይወስደው ፎጣ የሚይዙ መቆንጠጫዎች፣ ሁሉም በየኪሱ ገባ። አንድ ከረጢት ሙሉ የላስቲክ ዳክዬም ነበራት። መርከቡ ላይ ያሉ ጡረተኞች እነዚህን ዳክዬዎች በየጥጋጥጉ ይደብቃሉ፤ ሌሎች ጡረተኞች ደግሞ ያገኟቸውና ወርቅ እንዳገኘ ሰው ይፈነድቃሉ። ዊኒ ይህን ስትሰማ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ላቨርን አልሳቀችም።

ፓስፖርቷን ደግሞ ሌባ እንዳያገኘው የሻምፑ ዕቃ አስመስለው በሠሩት ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከተተችው። ክፍሉ ውስጥ ቁልፍ ያለው ካዝና ነበረ። ካዝና ለጀማሪ ነው አለች።

በመጨረሻ ከሻንጣው ሥር ያወጣችው ነገር ግን ሰው ለሽርሽር ይይዘዋል ተብሎ የማይታሰብ ነበር። እስክሪብቶ የተሰካበት ውል ነው፤ ቶሊዶ ከተማ ያለውን የዊኒን ቤት ደላላ እንዲሸጠው የሚፈቅድ ውል።

የዊኒ ባል ክላይድ የሞተው ባለፈው መኸር ነበር። ላቨርን የወንድሟ ቀብር ላይ ገና አበባው ሳይጠወልግ፣ ዊኒ ቤቷን ሸጣ ፍሎሪዳ ወዳለው ወደ ራሷ ወደ ላቨርን አፓርታማ እንድትገባ ወሰነች። ብቸኝነት ይገድልሻል አለቻት። እውነቱን ለመናገር ግን ላቨርን የፈለገችው ሻንጣ የሚጎትትላትና ሲያወሩት የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ዊኒ ቤቷን ትወዳለች። ማታ ማታ ጓሮ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ ታዳምጣለች። ብቻዋን መሆን ያስለቅሰኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላስለቀሳትም፤ እንዲያውም ተስማማት። ችግሯ ይህን ለላቨርን መንገር አለመቻሏ ነው። ዊኒ እምቢ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ስትታዘዝ እሺ፣ ስትገፋ ምንም አይደል እያለች ነው ፀጉሯ የሸበተው።

ላቨርን ውሉን ከከረሜላው በላይ ባለው ኪስ ውስጥ ሰካችው።

«ከመመለሳችን በፊት ትፈርሚያለሽ፤ ደላላው ሰኞ ይደውላል» አለች።

«እስቲ እናያለን» አለች ዊኒ። የእሷ እምቢታ እንዲህ ነበር። እምቢታ መሆኑን እስከዛሬ የተረዳላት ሰው የለም።

ላቨርን ቀጥላ የዊኒን ዕቃ ስትገመግም ዓይኗ ዊኒ እጅ ላይ ባለው ሰዓት ላይ ዐረፈ። የክላይድ ሰዓት ነው፤ የተማሪዎች አውቶብስ ሲነዳ ዕድሜውን ሙሉ ያሰረው፣ ትልቅና ከባድ። ዊኒ ክንዷ ቀጭን ስለሆነ ማሰሪያው ላይ በምስማር ሌላ ቀዳዳ በስታበታለች።

«ይሄን ድንጋይ የሚያክል ነገር ምን ሊያደርግልሽ ነው? ስልክ አለሽ አይደል?»

«ይሠራል እኮ» አለች ዊኒ።

«የክላይድ ሣር ማጨጃም ይሠራ ነበር። እሱንስ ለምን ትተሽው መጣሽ?»

ዊኒ እጅጌዋን ወደ ታች ጎትታ ሰዓቱን ሸፈነችው።

መርከቡ መጀመሪያ በቆመበት ደሴት፣ የመነሻው ሰዓት ሲቃረብ ላቨርን ዊኒን እየጎተተች ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰደቻት። ለካ ይህ ራሱን የቻለ ትርኢት ኖሯል። ከተሳፋሪው ግማሽ ያህሉ መጠጡን ይዞ በመርከቡ ጠርዝ አጥር ላይ ተደርድሯል፤ የሚጠብቀው አርፍዶ የሚሮጥ ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ነጠላ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሚስቱን ከኋላው አስከትሎ ብቅ ሲል ከላይ ፉጨቱ፣ ጭብጨባውና ሳቁ ወረደበት። ላቨርን ፊሽካዋን ነፋች። አጠገቧ ለቆመ ቀይ ሸሚዝ ለባሽ ሰውዬም አነፋፉን አሳየችው፤ ትርፍ ፊሽካ ነበራት። ሽማግሌው ለጥቂት ደረሰ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር። ዊኒ አፍራ ወደ ባሕሩ ዞረች።

«ምን ታዝኚለታለሽ? የሚያረፍድ ሰው የእጁን ያግኝ» አለች ላቨርን።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የካፒቴኑ ድምፅ በድምፅ ማጉያው መጣ። ነገ የሚቆሙበት የኮዙሜል ደሴት ሰዓት ከመርከቡ ሰዓት ስለሚለይ፣ ተሳፋሪዎች ስልካቸውን ሳይሆን የመርከቡን ሰዓት እንዲከተሉ አሳሰበ። ዊኒ ሰማችው። ላቨርን ስለ መንጠቆ ማግኔት ጉልበት ለጎረቤት ጠረጴዛ ገለጻ እያደረገች ስለነበር አልሰማችም። ዊኒ ስትነግራት ከንፈሯን ገልብጣ አየቻት።

«ኮዙሜልን ለእኔ? እኔ እዚያ ደሴት ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። ሰዓቱ የማያሚ ሰዓት ነው። አንድም ቀን ተለይቶ አያውቅም።»

አልዋሸችም። ላቨርን እስከዚያ ድረስ በመርከብ የሄደችው ሁልጊዜ በጥር ነበር፤ በጥር ደግሞ የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ነው። ፀደይ ሲመጣ ግን ፍሎሪዳ፣ ከእሷም ጋር መርከቡ፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጋሉ፤ ደሴቲቱ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አትገባም። አሁን ሰኔ ነው። ላቨርን ያን ሁሉ ዕቃ ስታጭቅ የጥር እውቀቷንም ሳትፈትሽ አብራ ጠቅልላው ነበር።

ኮዙሜል ላይ የወረደችው ለጦርነት እንደሚዘምት ሰው ታጥቃ ነው። ማራገቢያው አንገቷ ላይ ይሽከረከራል፤ ስልኳ ውሃ በማያስገባ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጃንጥላዋ ብብቷ ሥር ነው። ከገበያው ጥግ አንድ በሁለት ዛፍ መሀል የሚወጠር የገመድ አልጋ ዓይኗን ሳበው። አፓርታማዋ ዛፍ የለውም። ሆኖም ከሻጩ ጋር ክርክር ገጠመች፤ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች። ሰውዬው ትዕግሥተኛ ነበር። ዊኒ እስከዚያ የተገዛውን ሁሉ ተሸክማ ፀሐይ ላይ ቆማለች።

ዊኒ እጅጌዋን ሰብስባ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ተሳፋሪ ሁሉ አስር ሰዓት ላይ መርከቡ ውስጥ መሆን አለበት፤ ከገበያው እስከ ወደቡ ደግሞ በዚያ ሙቀት ቀላል መንገድ አይደለም። ጉሮሮዋን ጠርጋ መሄድ አለብን አለች።

ላቨርን ስልኳን ከነከረጢቱ አንስታ አፍንጫዋ ሥር ደቀነችባት። ስልኩ ራሱን ወደ ደሴቲቱ ሰዓት ቀይሮ ስምንት ሰዓት ይላል።

«የእኔ ሰዓት ከሳተላይት ነው የሚመጣው። ያንቺ ከመሳቢያ ነው የመጣው።»

«ካፒቴኑ ግን የመርከቡ ሰዓት...»

«ዊኒዬ፣ የኔ እናት፣ ክላይድም እንዲህ ነበር። ቀብሩ ላይ ራሱ ቀድሞ ነው የተገኘው» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሻጩ ምንነቱ ባይገባውም አብሮ ሳቀ። «ከፈራሽ ሂጂ። ሂጂና ወንበራችንን በመቆንጠጫ ያዢልን።»

ዊኒ ሁልጊዜ የምታደርገው እዚያው መቆም ነበር። ስለ ቀብሩ የተነገረው ቀልድ ግን አንጀቷን ቆረጠው። ዕቃውን እንደተሸከመች ዞራ ሄደች። ትጠራኛለች ብላ ጥቂት ጠበቀች፤ ላቨርን ግን ወደ ክርክሯ ተመልሳለች።

መርከቡ በር ላይ የተሰቀለው ሰዓትና የክላይድ ሰዓት አንድ ዓይነት ነበሩ። ዊኒ የላቨርንን አለመምጣት ለሠራተኞቹ ተናገረች። ደጋግማም ደወለች፤ ስልኩ ግን በዚያ ውሃም ድምፅም በማያስገባ ከረጢት ታፍኖ ስለነበር የሰማው የለም። አስር ሰዓት ሞላ። የላቨርን ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ዳግመኛም ተጠራ።

ቀጥሎ አንዲት ወጣት የመርከቡ ሠራተኛ ክፍላቸውን አንኳኳች። እንዲህ ሲሆን ልማዱ የቀረውን ሰው ፓስፖርት ወደብ ላይ ላለው ወኪል ትቶ መሄድ ነው። ካዝናውን ከፍታ አየች፤ ባዶ ነው።

«እሜቴ፣ ፓስፖርታቸውን የት እንዳስቀመጡት ያውቃሉ? ብዙ ጊዜ የለንም።»

ዊኒ ባለኪሱን ማስቀመጫ መበርበር ጀመረች። መጀመሪያ ያነሳችው የሻምፑ ጠርሙስ እውነተኛ ሻምፑ ኖሮ እጇ ላይ ተደፋ። ዳክዬዎች መሬት ላይ ተበተኑ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ስትፈታው ፓስፖርቱ ተጠቅልሎ ወጣ። ሠራተኛዋ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ መሳቋን ላለማሳየት ነው። ዊኒ የላቨርንን የደም ግፊት መድኃኒትም አግኝታ ጨመረችላት። ከዚያ ሁሉ ኮተት መሀል በእውነት የሚያስፈልገው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ሌላ የሚላክላቸው ነገር አለ?»

ዊኒ ከከረሜላው በላይ ያለውን ኪስ አየች። ሻምፑ ባጣበቀው እጇ ውሉን ከነእስክሪብቶው መዛ አወጣችው። ፊርማ የሚቀመጥበት መስመር ባዶውን ነው። አጠፈችውና ከፓስፖርቱ ጋር አድርጋ ሰጠቻት።

«ይሄም የእሷ ነው» አለች።

ላይኛው ፎቅ ስትደርስ ትርኢቱ ተጀምሮ ነበር። ገመዱ ተፈትቷል፤ በመርከቡና በወደቡ መሀል ያለው ውሃ መስፋት ጀምሯል። ላቨርን የገመድ አልጋውን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ጃንጥላዋ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ማራገቢያው አንገቷ ላይ እየዞረ እየሮጠች መጣች። ሩጫ ከተባለ። ከላይ ፉጨቱና ጭብጨባው ወረደ፤ ቀይ ሸሚዝ ለባሹ ሰውዬ እሷው የሰጠችውን ፊሽካ፣ እሷው እንዳሳየችው አድርጎ ነፋው። ዊኒ አዘነችላት፤ ሐዘኑ ግን ብዙ አልቆየም። ከዚያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ትንሽ አፈረች፤ ግን ደስታዋ ከሐፍረቷ በለጠ፤ ለራሷም አልደበቀችውም።

ላቨርን ቀና ብላ አየቻትና አስቁሚልኝ በሚል እጇን አወናጨፈች። ዊኒም እጇን አነሳች። ሰዓት ያሰረችበት እጇ ነበር።

መርከቡ ወደቡን ለቆ ከሄደ በኋላ ስልክ ትፈለጊያለሽ ተብላ ወደ እንግዳ መቀበያው ተጠራች። ላቨርን ከወኪሉ ቢሮ ነው የምትደውለው። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም፤ የተናገረችው ትእዛዝ ነበር። ነገ በአውሮፕላን ወደ ማያሚ ትመለሳለች፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ዊኒ ትስቀልላት፤ ዳክዬዎቹን ሳትረሳ ትደብቅ፤ መንጠቆዎቹን ስታነሳ ግድግዳውን እንዳትቧጭረው። ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች።

«ደግሞ ደንግጠሽ ነው መሰለኝ ውሉን ከፓስፖርቴ ጋር ልከሽዋል። ሳትፈርሚው።»

«አልደነገጥኩም።»

«በስህተት ነዋ።»

«በስህተት አይደለም፣ ላቨርን። ቤቴን አልሸጥም።»

ቃሉ ወጥቷል፤ ዊኒም አልመለሰችውም። ላቨርን ሳቀች፤ ያ የገበያው ሳቋ ነበር።

«እሺ፣ እሺ። ዛሬ ቀኑ ከብዶሻል። ማያሚ ስንገናኝ እንነጋገርበታለን። ገና ጊዜ አለን።»

«በማን ሰዓት?» አለች ዊኒ።